«እናቴ ማሽን ላይ ሆና እንዴት ትቀመጣለች?»

ጥያቄ፦ እናቴ 73 ዓመቷ ነው። ዕድሜዋን በማገዶ ስትጋግር የኖረች ሴት ናት። ሐኪሞቹ ሳንባዋ በጭስ ተጎድቷል ይላሉ። ከ24 ቀን በፊት የሳንባ ምች ይዟት መሀል ከተማ ያለ ሆስፒታል አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ገባች። እስካሁን ቬንትሌተር (የሚተነፍስላት ማሽን) ላይ ናት። አንገቷ ተበስቶ ቱቦ ከገባላት 10 ቀን ሆኖታል። ነቅታለች፣ ታውቀናለች፣ እጃችንን ትጨብጣለች። ባለፈው ሰኞ ፊዚዮቴራፒስቱ «አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ላድርጋቸው» ሲል ደነገጥን። ታላቅ ወንድሜ ከለከለ። ለመተንፈስ አቅም ያጣችን ሴት ማንገላታት አይሆንም? መጀመሪያ ከማሽኑ ትውጣ፣ ስፖርቱ በኋላ ይደርሳል አልን። አክስቴ ደግሞ «ማሽኑን ለምዳዋለች፣ ቶሎ ካልተነቀለ ሱስ ይሆንባታል» ትላለች። እግሯን የሚያሽ ወጌሻ እናምጣ የሚልም አለ። ወጪው ከብዶናል። ማሽን ተከራይተን አራት ኪሎ ወዳለው ቤታችን ብንወስዳትስ?

መልስ፦ ፊዚዮቴራፒስቱ ልክ ነው። እናትዎ መቀመጥ ያለባቸው አሁን፣ ማሽኑ ላይ እያሉ ነው።

«ይረፉ» ማለት ከፍቅር የመጣ ነገር ነው፤ ማንም አይፈርድባችሁም። ግን ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። እናትዎ ከማሽኑ መውጣት ያቃታቸው ሳንባቸው ስለታመመ ብቻ አይደለም። ሳንባውን የሚነፋው ጡንቻ ስለደከመም ነው። ያ ጡንቻ በተኙበት አይጠነክርም። ከማሽኑ እስኪወጡ አይንቀሳቀሱ ስትሉ፣ ከማሽኑ ለመውጣት የሚረዳቸውን አንዱን ነገር እየከለከላችኋቸው ነው።

ሌላም ነገር አለ። እናትዎ ነቅተዋል፣ ያውቋችኋል። እንዲህ ከሆነ «ቁጭ ልበል ወይስ አልበል» የሚለውን መጀመሪያ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው እንጂ ወንድምዎ አይደሉም። ድምፅ ባይኖራቸውም መልስ አላቸው። ጠጋ ብላችሁ ጠይቋቸው። እጅ መጨበጥ የሚችል ሰው አዎና አይ ማለት ይችላል።

ጡንቻ ሥራ ሲያጣ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚመነምን ብዙ ሰው አያውቅም። ለንደን ውስጥ በአይሲዩ ታማሚዎች ላይ ተሠርቶ በ2013 የታተመ ጥናት አለ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የጭን ጡንቻ በ10 ቀን ውስጥ 18 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኝቷል። ከአንድ በላይ የውስጥ አካላቸው የታወከባቸው ታማሚዎች ከዚህም የባሰ አጥተዋል። አረጋውያን ላይ ነገሩ ይከፋል። ምንም ያልታመሙ አዛውንቶች ለጥናት ሲባል 10 ቀን አልጋ ላይ ብቻ እንዲቆዩ ተደርጎ፣ ከእግራቸው 1 ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ አጥተዋል። እነዚያ ጤነኞች ነበሩ። እናትዎ ትኩሳትና ኢንፌክሽን ተጨምሮባቸው 24 ቀን ተኝተዋል። እግራቸውን ገለጥ አድርጋችሁ ብታዩ የምለው ይገባችኋል።

የመተንፈሻ ጡንቻውም ከዚህ አያመልጥም። ዋናው ድያፍራም ይባላል፤ በደረትና በሆድ መሀል ያለው ነው። ማሽኑ ሙሉ ለሙሉ ሲተነፍስለት ድያፍራም ሥራ ይፈታል። በ2008 የወጣ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። አንጎላቸው ሥራ አቁሞ ማሽኑ ብቻውን ሲተነፍስላቸው የቆዩ ሰዎች ላይ ነው የተሠራው። ከ18 እስከ 69 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ብቻ የድያፍራማቸው ክሮች ውፍረት በግማሽ ያህል ቀንሶ ነበር። ሦስት ቀን እንኳ አልሞላም። እናትዎ በከፊል ራሳቸው እየተነፈሱ ከሆነ ጉዳቱ ከዚህ ያነሰ ይሆናል። አቅጣጫው ግን ያው ነው።

አሁን ወደ አክስትዎ ነገር ልምጣ። «ማሽኑ ሱስ ይሆናል» የሚለው አይሲዩ በር ላይ በተቀመጠ አስታማሚ ሁሉ አፍ ያለ ነው። ቬንትሌተር ሱስ አያስይዝም። አየር ይገፋል፣ አበቃ። ታማሚው ሲነቀልለት የሚጨነቀው ማሽኑ ናፍቆት ሳይሆን ትንፋሽ አጥሮት ነው። ምክንያቱ የደከመ ጡንቻ ሊሆን ይችላል። ልብ ደክሞ ሳንባ ውስጥ ያጠራቀመው ውኃ ሊሆን ይችላል። ያልወጣ አክታ፣ በደም ውስጥ ያነሰ ፎስፈረስ፣ ሰውነቱ ያልጣለው የማስተኛ መድኃኒት፣ ወይም ንጹሕ ፍርሃት ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ የራሱ ሕክምና አለው። «ሱስ ነው» ብሎ መደምደም እነዚህን ሁሉ ሳይፈልጉ መተው ነው። «ቶሎ ይነቀል» ማለቱ ደግሞ አደገኛ ነው። በአንድ ጊዜ ተነቅሎ የደከመ ጡንቻ እንደገና ለማንሰራራት አንድ ቀንና ከዚያ በላይ ይፈልጋል።

አንገታቸው ላይ ቱቦ ላለባቸው ሰዎች የሚሻለው መንገድ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ነው። ማሽኑ ይነቀላል፣ በአንገት ቱቦው ላይ እርጥበት ያለው ኦክስጅን ብቻ ይደረጋል፣ ራሳቸው ይተነፍሳሉ። ሲደክሙ ይመለሳሉ። ዛሬ አንድ ሰዓት፣ ነገ ሁለት። ማታ ማሽኑ ላይ ያርፋሉ። አሜሪካ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ማሽን ላይ በቆዩ ታማሚዎች ላይ ተሠርቶ በ2013 የታተመ ጥናት ይህን መንገድ የማሽኑን ግፊት ቀስ በቀስ ከመቀነስ ጋር አነጻጽሮታል። በዚህኛው መንገድ የሄዱት ባብዛኛው በ15 ቀን ገደማ ወጥተዋል፤ በሌላው 19 ቀን ፈጅቷል። ስለዚህ ሐኪሙን «መቼ ይነቀላል» ከማለት «ዛሬ ስንት ሰዓት ያለ ማሽን ቆዩ» ብላችሁ ጠይቁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። በልምምድ ሰዓት ነርሷ የማሽኑን እርዳታ ከፍ ስታደርግ ብታዩ «ወደ ኋላ ተመለሱ» ብላችሁ አትደንግጡ። ሆን ተብሎ ነው። እግር ሲሠራ ሳንባ እንዳይጎድልበት ነው። ሲጨርሱ ወደነበረበት ይመለሳል። ከማሽን የሚወጡበት ሙከራና መቀመጡም በአንድ ሰዓት አይደረጉም። ጠዋት ትንፋሹ ከሆነ ከሰዓት በኋላ መቀመጡ ይሁን። አንድ ጉልበት ነው ያላቸው፤ ሁለት ቦታ አይበቃም።

ልምምዱ ይጠቅማል ስል ማስረጃዬ ምን እንደሚል በሁለቱም በኩል ልንገራችሁ። በ2009 የታተመ አንድ ጥናት ማሽን ላይ የነበሩ 104 ሰዎችን ለሁለት ከፈለ። የማስተኛ መድኃኒቱ ለሁለቱም በየቀኑ ይቋረጥ ነበር፤ አንደኛው ቡድን ግን በገቡ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ መድኃኒቱ በተቋረጠበት ሰዓት ልምምድ ጀመረ። ከሆስፒታል ሲወጡ ራሳቸውን ችለው የሚታጠቡ፣ የሚለብሱና የሚራመዱት ከዚህ ቡድን 59 በመቶ፣ ከሌላው 35 በመቶ ሆኑ። የመቃዠት ቀናቸውም አጠረ። ከዚያ በ2022 በ6 አገሮች 750 ታማሚዎች ላይ ትልቅ ጥናት ወጣ። እዚያ የተነጻጸረው የተለመደው እንቅስቃሴና ከዚያ የበዛና የጠነከረ እንቅስቃሴ ነበር። በዝቶ የተሰጣቸው አልተሻሉም። እንዲያውም የልብ ምት መዛባትና የግፊት መውረድን የመሰሉ ችግሮች በዝተውባቸዋል።

አንዳንዱ ይህን አንብቦ «አየህ፣ አይጠቅምም» ይላል። ጥናቱ እንዲህ አይልም። ያነሰ የተሰጣቸውም በየቀኑ ይንቀሳቀሱ ነበር። ተኝተው አልቀሩም። እኔ የምረዳው እንዲህ ነው፦ በየቀኑ፣ በልክ፣ ቆም እያሉ። በአንድ ቀን ተነስተው እንዲራመዱ የሚገፋ ባለሙያ ቢገጥማችሁ «ቀስ በል» በሉት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጀርባቸው ከፍራሽ ያልተነሳ ከሆነ ደግሞ «ለምን?» በሉ።

አደጋውስ? አለ፤ ግን የምታስቡትን ያህል አይደለም። አይሲዩ ውስጥ የተደረጉ ከ20,000 በላይ የልምምድ ጊዜያትን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ በ2017 ታትሟል። ችግር የታየው ከ100 ልምምድ ከ3 ባነሱት ላይ ነው። አብዛኛው ደግሞ አረፍ ሲሉ የሚስተካከል የግፊት ወይም የኦክስጅን መውረድ ነበር። ይህ ግን ሁኔታው ሲሟላ ነው። ታማሚው የነቃና የሚታዘዝ ይሁን። የሚሰጠው ኦክስጅን ከ60 በመቶ አይብለጥ። ማሽኑ በትንፋሽ መጨረሻ ሳንባ ውስጥ የሚያቆየው ግፊት ከ10 አይብለጥ። ትንፋሹ በደቂቃ ከ30 አይለፍ። የደም ግፊቱን ለመያዝ በብዛት መድኃኒት የሚንጠባጠብለት አይሁን። አዲስ የልብ ምት መዛባት፣ አዲስ ትኩሳት፣ ያልታከመ የደም መርጋት ያለበት ሰው ያን ቀን አይነካም። እነዚህን በየጠዋቱ የሚያዩት ሐኪሙና ፊዚዮቴራፒስቱ ናቸው። እናንተ «ዛሬ ተመችተዋል ወይ?» ማለት ይበቃችኋል።

የኦክስጅን ቁጥሩን ነገር ለብቻው ላንሳው፤ ብዙ ቤተሰብ ሞኒተሩ ላይ አፍጥጦ ይውላልና። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ያለች ከተማ ናት። አየሩ ስስ ነው። ጤነኛው ሰው እንኳ ጣቱ ላይ ሲለካ እንደ ጅቡቲ ነዋሪ 99 ላያሳይ ይችላል። ሳንባቸው በጭስ ለተጎዳ ሰዎች ደግሞ ሐኪሙ ሆን ብሎ ከ88 እስከ 92 ባለው ያቆየዋል፤ ኦክስጅን ሲበዛባቸው የተቃጠለው አየር ደም ውስጥ ይጠራቀማልና። ስለዚህ «100 ካልሆነ እንዳትነኳት» አይባልም። የእናትዎ ልክ ስንት እንደሆነ ሐኪሙን አንድ ጊዜ ጠይቁና ያዙት።

ቁጭ የሚሉበት ሁኔታ ምን እንደሚመስል ካላያችሁት ያስፈራል፤ ስለዚህ ዘርዘር ላድርገው። መጀመሪያ አክታው በሳክሽን (አክታ በሚመጥ ማሽን) ይወጣል። በቱቦ የሚሄደው ምግብ ለጊዜው ይዘጋል። የሽንት ከረጢቱ እግራቸው ወደሚወርድበት በኩል ይዞራል፤ ይህን የረሳ ሰው ቱቦውን ይጎትተዋል። አንዲት ነርስ ራስጌ ትቆማለች። በአንድ እጇ የአንገቱን ቱቦ ከነማሰሪያው፣ በሌላው ከማሽኑ የሚመጣውን ቱቦ ትይዛለች። ሌላ ሥራ የላትም፤ ስልክ ቢጮህም አትለቅም። ፊዚዮቴራፒስቱ ፊት ለፊት ሆኖ በጉልበቱ ጉልበታቸውን ይደግፋል። ሦስተኛ ሰው ከጀርባ ይይዛል። በጎን ያዞሯቸዋል፣ እግር ይወርዳል፣ ወገብ ይነሳል። አልጋው ከፍ ካለ እግራቸው ሥር ዱካ ይቀመጣል፤ ተንጠልጥሎ መቀመጥ ያደክማል፣ ሚዛንም ያሳጣል።

የመጀመሪያው ደቂቃ ለቤተሰብ ከባድ ነው። አንገታቸው ይወድቃል። ግንባራቸው ያልባል። ትንፋሻቸው ይፈጥናል። ማሽኑም ይጮሃል፤ ሲያስሉ ግፊቱ ስለሚጨምር ነው የሚጮኸው። ከሁለትና ከሦስት ደቂቃ በኋላ አብዛኛው ሰው ይረጋጋል። ቀና ሲሉ ድያፍራም የሆድ ክብደት ይቀልለታል፣ የሳንባቸው ግርጌ ይከፈታል፣ ለቀናት የተኛ አክታ ይነቀላል። ከሦስት ሳምንት ጣሪያ በኋላ የሰው ፊት ቀጥ ብለው ያያሉ። ለመጀመሪያ ቀን አምስት ደቂቃ ይበቃል። ፊታቸው ከገረጣ፣ ዓይናቸው ከዞረ፣ ኦክስጅኑ ከተቀመጠለት ልክ ከወረደ፣ ትንፋሹ በደቂቃ 40 ከደረሰ ወይም እሳቸው «በቃኝ» ካሉ ወዲያው ይተኛሉ። ነገ ሌላ ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ደረጃ በደረጃ ነው። ያለ ድጋፍ መቀመጥ። ወንበር ላይ መዋል። ተይዞ መቆም። አልጋው አጠገብ ቆሞ እግር ማንሳትና መጣል። ይዘውት የሚራመዱት ተንቀሳቃሽ ማሽን ባይኖር ችግር የለውም። ባሉበት መርገጥም ጡንቻ ነው። የመተንፈሻ ጡንቻን ለብቻው የሚያሠራ፣ አየር ሲስቡ የሚከብድ ትንሽ መሣሪያም አለ። ከማሽን መውጣት ባቃታቸው ሰዎች ላይ ተሞክሮ በ2011 በታተመ ጥናት፣ የተለማመዱት 71 በመቶ፣ ያልተለማመዱት 47 በመቶ ከማሽን ወጥተዋል። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ 69 ሰው ብቻ። ሆስፒታሉ መሣሪያው ካለው ይጠቀሙበት እላለሁ። ከሌለው ግን ለእሱ ብላችሁ ከተማውን አትዙሩ።

ፊዚዮቴራፒስቱ ቀኑን ሙሉ እናትዎ አጠገብ አይሆንም። ብዙ ሆስፒታል ውስጥ አንድ ሰው ብዙ ክፍል ያዳርሳል። ቀሪው ሰዓት የአስታማሚ ነው። ቁርጭምጭሚት ወደ ላይ ወደ ታች ማድረግ፣ ጨርቅ ጠቅልሎ ማስጨበጥ፣ ክንድ ማንሳት፤ እሱ አሳይቷችሁ በጉብኝት ሰዓት ማሠራት ትችላላችሁ። ከሁሉም የምወደው ግን የራሳቸውን ሥራ ራሳቸው እንዲሠሩ ማድረግ ነው። ማበጠሪያውን እጃቸው ላይ አድርጉ እንጂ አታበጥሯቸው። ክርናቸውን ደግፉ። ፊታቸውን በእርጥብ ፎጣ ራሳቸው ይጥረጉ። አምስት ደቂቃ ቢፈጅም ይፍጅ። ልጅ እናቷን ስታገለግል ደስ ይላታል፤ እዚህ ላይ ግን እጃችሁን መሰብሰብ ነው ማገልገል ማለት።

መነጽር የሚያደርጉ ከሆነ ዛሬውኑ አምጡ። ጆሮአቸው የሚከብድ ከሆነ ለነርሶቹ ንገሩ። ያላየና ያልሰማ ሽማግሌ አይሲዩ ውስጥ ቶሎ ይቃዣል፤ የሚቃዥ ሰው ደግሞ ልምምድ አይታዘዝም። ቀኑን ንገሯቸው። «ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ ከሰዓት ሆኗል፣ ልጅሽ ነኝ» በሉ። ቀን መጋረጃ ይከፈት፣ ሌሊት መብራት ይቀነስ። ማንበብ የሚችሉ ከሆነ ልጆች የሚማሩበትን የፊደል ገበታ ይዛችሁ ኑ። መጀመሪያ ረድፉን፣ ቀጥሎ ፊደሉን እያሳያችኋቸው በዓይናቸው «አዎ» ይላሉ። ማንበብ ካልቻሉ ውኃ፣ ሕመም፣ ብርድ፣ ሽንት፣ አክታ የሚያሳይ ሥዕል ይበቃል። ድምፅ የሚመልስ ቫልቭም አለ፤ አንገት ላይ ባለው ቱቦ ላይ ይገጠማል። እሱን የሚገጥም ሠራተኛ ቱቦውን ከውጭ የከበበውን ፊኛ ሙሉ በሙሉ ማስተንፈስ አለበት። ካልተነፈሰ የገባው አየር መውጫ ያጣል፣ ይገድላል። ስለዚህ ቤተሰብ በእጁ አይንካው።

ምግብን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ልምምድ ያለ ፕሮቲን ጡንቻ አይሠራም። በዚህ ሁኔታ ያለ ሰው ለአንድ ኪሎ ክብደቱ በቀን ከ1.2 እስከ 2 ግራም ፕሮቲን ይፈልጋል። እናትዎ 50 ኪሎ ከሆኑ ቢያንስ 60 ግራም ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ አለው። ከቤት የሚመጣው ቀጭን አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ ከዚህ አጠገብም አይደርስም። ምን በቱቦ እንደሚሰጥ ሐኪሙን ወይም የሥነ ምግብ ባለሙያውን ጠይቁ፤ በተለይ ኩላሊት ካለባቸው ልኩ ይለያል። ጾም ከሆነና «የፍስክ አይግባባት» የሚል ካለ የንስሐ አባታቸውን አነጋግሩ። ለእንዲህ ያለ ሕመምተኛ የሚከለክል አባት አልገጠመኝም።

ጠበልም በአፍ አትስጡ። እምነታችሁን እየነካሁ አይደለም። አንገት ላይ ቱቦ ሲኖር መዋጥ ይበላሻል፣ ጉሮሮ የገባው ውኃ ሳንባ ይገባል፣ እንደገና የሳንባ ምች ያመጣል። ነርሷን አስፈቅዳችሁ ግንባራቸውን፣ እጅና እግራቸውን ዳብሱላቸው። አንገታቸው አካባቢ ግን ጠብታ አይድረስ። በዚሁ ምክንያት የአንገቱ ቀዳዳ ሳይዘጋ «ፍልውሃ ወስደን እናስነክራት» የሚለውንም እርሱት።

ወጌሻውን አታምጡ። ፊዚዮቴራፒ እሽት አይደለም። ታማሚው ራሱ ጡንቻውን እንዲያሠራ ማድረግ ነው። ሲያሹት የሚደክመው የአሺው እጅ ነው፣ የእናትዎ እግር አይጠነክርም። አደጋም አለው። ለሳምንታት በተኛ ሰው ባት ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። ሲታሽ የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባ ሊገባ ይችላል። አንዱ እግራቸው ከሌላው ካበጠ፣ ከሞቀ ወይም ከቀላ ለሐኪሙ ንገሩ እንጂ አትንኩት።

ዕድሜያቸውስ? 73 ብቻውን ምንም አይከለክልም። እኔ የምጠይቀው ከመታመማቸው በፊት እንዴት እንደነበሩ ነው። ገበያ ወርደው ይመለሱ ነበር? ብቻቸውን ይታጠቡ ነበር? የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ ሲወጡ ስንቴ ያርፉ ነበር? መልሱ ጥሩ ከሆነ ብዙ መጠበቅ ይቻላል። ቀድሞም ከአልጋ ወደ ወንበር በሰው ከነበረ ልምምዱ ወደዚያ ይመልሳቸው ይሆናል፤ ከዚያ አያሳልፋቸውም። እውነቱን መደበቅ አልፈልግም። ማሽን ላይ ለሳምንታት ከቆዩ ሰዎች መካከል ከተለያዩ አገሮች በተሰበሰቡ ጥናቶች መሠረት ከማሽኑ የሚወጡት ግማሽ ያህሉ ናቸው። ከሁሉም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በ1 ዓመት ውስጥ ሕይወታቸው ያልፋል። ልምምድ የሳንባቸውን የጭስ ጠባሳ አያጠፋም። «ማሽን የገባ አይወጣም» የሚለው ግን ሐሰት ነው። እናትዎ መንቃታቸው፣ መታዘዛቸውና እጅ መጨበጣቸው ከሚወጡት ወገን የመሆን ዕድል ይሰጣቸዋል። ለዚህ ነው ጊዜ አታባክኑ የምለው።

ቤት መውሰዱን አሁን አልደግፍም። ወጪው ምን ያህል እንደሚያንገበግብ አውቃለሁ፤ ስንት ቤተሰብ ቤቱን አስይዞ እንደሚከፍልም አያለሁ። ግን ማሽኑ ብቻውን ምንም አይደለም። መብራት ሲጠፋ የሚነሳ ጀነሬተር ወይም ባትሪ ያስፈልጋል። የሳክሽን ማሽን፣ ኦክስጅን፣ ተጨማሪ የአንገት ቱቦ፣ በእጅ የሚጨመቅ የአየር ፊኛ ከአጠገባቸው መጥፋት የለበትም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቱቦው በአክታ ሲደፈን በደቂቃዎች ውስጥ ማጽዳት የሚችሉ፣ ተራ እየገቡ የሚነቁ ቢያንስ ሁለት የሠለጠኑ ሰዎች ይፈልጋል። ይህ ሳይሟላ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ መብራት በጠፋበት ሌሊት ሊሞት ይችላል። ቀን ቀን ያለ ማሽን መዋል ከቻሉና ሌሊት ብቻ የሚፈልጉት ከሆነ እንደገና እንነጋገርበታለን። ወጪው ከአቅም በላይ ከሆነ ከሐኪሙ ጋር ወደ መንግሥት ሆስፒታል ዝውውር ተነጋገሩ። አይሲዩ አልጋ ወረፋ አለውና ገንዘቡ እስኪያልቅ ሳትጠብቁ አሁን አስመዝግቡ።

የምመክረው ይህ ነው። ነገ ጠዋት እናትዎን ጠይቋቸው፣ እሺ ካሉ ፊዚዮቴራፒስቱ ይጀምር። ወንድምዎ እዚያው ይቁሙና ይዩ። ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ይሠራ። አንድ ደብተር ግዙና ሦስት ነገር ጻፉ፦ ስንት ደቂቃ ተቀመጡ፣ ስንት ሰዓት ያለ ማሽን ቆዩ፣ አክታቸውን በራሳቸው ሳል ያወጣሉ ወይ። የሁለት ሳምንቱን ቀጠሮ ከሐኪሙ ጋር አሁኑኑ ያዙ፤ ወንድምዎና አክስትዎም ይገኙ። ቁጥሮቹ እየጨመሩ ከሆነ ይቀጥላል። ባሉበት ከቆሙ የልብ፣ የደም፣ የታይሮይድና የመድኃኒት ምርመራው እንደገና ይታይ፣ ሐኪሙም ምን እንደቀረ በግልጽ ይንገራችሁ። ወደ ታች እየወረዱ ከሆነ ምን ዓይነት ሕክምና እስከ የት እንደሚፈልጉ እናትዎን ጠይቁ፤ መልሳቸው ካርዳቸው ላይ ይጻፍ።